ኢንተርቪው ተጠርታችኋል? ከስልኩ ጥሪ እስከ ቅጥር ደብዳቤው ደረጃ በደረጃ

ሲቪያችሁ አልፏል። የጽሑፍ ፈተናውንም አልፋችሁ ይሆናል። ኢንተርቪው ገብታችሁ ወጣችሁ፤ "እንደውላለን" ተባላችሁ። ስልኩ ግን አይጮህም። ይሄ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም "ያለ ዘመድ ሥራ የለም" ማለት ይቀላል። ዘመድ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ አልክድም። ግን እኔ ለጥቂት ዓመታት ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ ከፈታኞቹ ጋር ተቀምጬ አይቻለሁ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ዘመድ ስላጣ ሳይሆን ነጥብ የሚሰጥበት ነገር ሳይናገር ስለሚወጣ ነው። ፈታኙ ፊት የነጥብ መስጫ ወረቀት አለ። "ታታሪ ነኝ" ላለው ሰው ምን ብሎ ይጻፍ?

ምሳሌዬ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሙያችሁ ሌላ ከሆነ ምሳሌውን ቀይሩ፤ አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ስልኩን አንሡ፣ አምስት ነገር ጠይቁ

ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ የማታውቁትን ቁጥር ሁሉ አንሡ። ብዙ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) አንዴ ደውሎ ካልተነሣለት ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። "ማነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?" ይበቃል። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ "አሁን አይሰማኝም፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልደውል?" በሉ። ነውር የለውም።

እነዚህን ሳታረጋግጡ ስልኩን አትዝጉ፦

1. የድርጅቱ ስምና የሥራ መደቡ። አሥር ቦታ ያመለከተ ሰው ይምታታበታል።
2. ቀኑ ከነዕለቱ። "ማክሰኞ፣ ጥር 12" እንጂ "12 ላይ" ብቻ አይበቃም።
3. ሰዓቱ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ።
4. የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የቢሮ ቁጥሩ።
5. የሚፈተኑት በቃል ብቻ ነው ወይስ በጽሑፍም? ምን ሰነድ ይያዝ?

ሦስተኛው ላይ የተቃጠልኩት እኔው ነኝ። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ኢሜይል ላይ "8:30" የሚል አየሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ብዬ ምሳዬን በልቼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ተረጋግቼ ሄድኩ። ጥበቃው "ፈተናው እኮ ጠዋት አለቀ" አለኝ። ለካ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ አርፍጄ "ትንሽ ዘገየሁ" ማለት እንኳን አይቻልም።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰዓት ሁሉ የፈረንጅ ነው ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ደውላችሁ "ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው አይደል?" ብላችሁ አረጋግጡ። ውጭ ካለ ድርጅት ጋር በኢንተርኔት ከሆነና ሰዓቱ በጂኤምቲ ከተሰጠ ሦስት ሰዓት ጨምሩበት። 10:00 ጂኤምቲ እዚህ አገር በፈረንጅ 1:00፣ በእኛ ቀን ሰባት ሰዓት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደዋዩ "ለፎርም"፣ "ለሥልጠና" ወይም "ለቦታ ማስያዣ" በቴሌብር ገንዘብ አስገቡ ካለ ሥራ የለም። ዝጉት።

ደረጃ 2፦ ማስታወቂያውን እንደገና አንብቡ

ማስታወቂያውን ባመለከታችሁበት ቀን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር ይጠፋል። አሁን አውጡትና በወረቀት ላይ ሁለት አምድ ሥሩ። በግራ በኩል ማስታወቂያው የጠየቀውን እያንዳንዱን ተግባር ጻፉ፦ ባንክ ማስታረቅ፣ የቫት ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ገንዘብ) መያዝ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መጠቀም። በቀኝ በኩል ያንን ነገር መቼ፣ የት እንደሠራችሁት።

ቀኙ ባዶ የሆነበት መስመር ካለ ጥያቄው ከዚያ እንደሚመጣ ገምቱ። ፒችትሪ ነክታችሁት የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ የሚያውቅ ጓደኛ ጋ ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። በአንድ ሰዓት ባለሙያ አትሆኑም። ግን "ቻርት ኦፍ አካውንት (የሒሳቦች ዝርዝር) ከፍቼ ጥቂት ግብይት መዝግቤ አይቻለሁ" ማለትና "አላውቀውም" ማለት እኩል አይደሉም።

ስለ ድርጅቱ ደግሞ ሦስት ነገር ይበቃችኋል፦ ምን ይሸጣል ወይም ምን ያገለግላል፣ ቅርንጫፉ የት የት ነው፣ በቅርቡ ምን አዲስ ነገር ጀመረ። የተመሠረተበትን ዓመት መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው። ቅርንጫፉ ጋ ሄዶ እንደ ደንበኛ አንድ ነገር መጠየቅ ከድረ ገጹ የበለጠ ያስተምራል።

ደረጃ 3፦ ስድስት ታሪክ አዘጋጁ

ከሁሉም ብዙ ጊዜ ልታጠፉበት የሚገባው ይሄኛው ነው። ሰው "ለዚህ ጥያቄ መልሱ ምንድን ነው?" እያለ ከኢንተርኔት መልስ ይሸመድዳል። ጥያቄው በሌላ አባባል ሲመጣ ሽምደዳው ይበተናል። መልስ ሳይሆን በእውነት የሠራችሁትን ነገር ያዙ። አንድ ታሪክ ለአራት ጥያቄ ይሆናል።

ስድስቱ እነዚህ ይሁኑ፦ የፈታችሁት ችግር፣ ከሰው ጋር የተጋጫችሁበት፣ የተሳሳታችሁበት፣ ጊዜ ያጠራችሁ ሥራ፣ ሳትታዘዙ የጀመራችሁት ነገር፣ በፍጥነት የተማራችሁት ነገር። እያንዳንዱን በአራት መስመር ጻፉ፦ ምን ገጠመ? የእኔ ድርሻ ምን ነበር? ምን አደረግኩ? መጨረሻው ምን ሆነ? ቢያንስ አንድ ቁጥር ይኑረው።

እንዲህ የሚል ሰው አለ፦ "እኔ ታታሪ፣ ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል ሰው ነኝ።"

እንዲህ የሚልም አለ፦ "ለኢንተርንሺፕ በወጣሁበት ቦታ የሦስት ወር የባንክ ሒሳብ ሳይታረቅ ተጠራቅሞ ጠበቀኝ። የባንኩ ስቴትመንትና የእኛ መዝገብ በ14,600 ብር ይለያያሉ። እንዳስታርቅ የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ። ቼኮቹን በቀን ደርድሬ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ቼክ አገኘሁ። አለቃዬ አይቶ አስተካከልነው፤ ልዩነቱ ተዘጋ።"

ሁለተኛው ሰው ታታሪ ነኝ አላለም። ወረቀቱ ላይ ግን ነጥቡ ተጻፈ።

እዚህ ላይ የአስተዳደጋችን ነገር ይገባል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን "እኛ ሠራን"፣ "ተደረገ"፣ "ተስተካከለ" ማለት ይቀናናል። ፈታኙ ማን እንደሠራው አያውቅም። ቡድኑን አንድ ጊዜ ጥቀሱ፣ ከዚያ "የእኔ ድርሻ ይሄ ነበር" በሉ። ጉራ የሚሆነው ያልሠራችሁትን ስትናገሩ ነው።

"ልምድ የለኝም፣ ምን ታሪክ አለኝ?" ለምትሉ፦ አንዲት ተመራቂ የእናቷን እቁብ ነገረችን። አርባ አባላት፣ መዝገቡ የተቀዳደደ ደብተር፣ በየሳምንቱ "ከፍያለሁ"፣ "አልከፈልሽም" የሚል ጭቅጭቅ። ደብተሩን ወደ ኤክሴል ገልብጣ፣ የከፈለውንና ያልከፈለውን በቀለም ለይታ፣ በየሳምንቱ ፎቶ እያነሣች ለአባላቱ መላክ ጀመረች። "አሁን ጭቅጭቁ ቀረ፤ እናቴ ብቻ አንዳንዴ ደብተሩ ይሻለኝ ነበር ትላለች" ስትል ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ቀን ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠሁት ለእሷ ነው። የቤተሰብ ሱቅ፣ የዕድር ሒሳብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጀመዓ ኃላፊነት፣ የዩኒቨርሲቲ ክበብ፣ የመመረቂያ ጥናት፣ ሁሉም ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ታሪክ አትፍጠሩ፣ ከሰውም አትዋሱ። ሥራውን የሚያውቅ ፈታኝ "ቼኩ ላይ ፈራሚው ስንት ሰው ነበር?" ብሎ አንድ ጊዜ ከጠየቀ ያበቃል።

ደረጃ 4፦ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ

በሐሳብ መለማመድ መለማመድ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና "ስለራስህ ንገረን" ለሚለው መልሱ። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ። የት እንደተወለዳችሁና ስንተኛ ልጅ እንደሆናችሁ አይፈለግም። አሁን ምን ላይ ናችሁ፣ እስካሁን ምን ሠራችሁ፣ ይሄን ቦታ ለምን ፈለጋችሁ፤ በቃ። ቅጂውን አዳምጡት። "ያው… ምናምን…" ስንት ጊዜ እንዳላችሁ ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ።

ባንኮች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችና ብዙ የግል ኩባንያዎች በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ስድስቱን ታሪኮች በሁለቱም ቋንቋ ተለማመዱ። ቃል በቃል አትሸምድዱ፤ ለየታሪኩ አምስት ስድስት ቁልፍ ቃል ብቻ ያዙ። አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙ። እንግሊዝኛው መሐል ላይ ከጠፋባችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ያንን ነጥብ በአማርኛ ጨርሱና ወደ እንግሊዝኛው ተመለሱ። ዝም ብሎ ከመቆም እጅግ ይሻላል።

ኮምፒውተር ላይ የሚፈትኑም አሉ። ኤክሴል ላይ መደመርና ማጣራት፣ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር) አንድ ደብዳቤ መጻፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሞክሩ።

ደረጃ 5፦ ሰነዶቹን ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱ

ዋናውና ኮፒው በተለያየ ፋይል ይሁን። በዚህ ቅደም ተከተል አስቀምጡ፦

1. መታወቂያ። ፋይዳ ካላችሁ እሱንም።
2. ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ከስቱደንት ኮፒ ጋር። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ዋናው ዲግሪ እጁ ላይ አይኖርም፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ አትሸማቀቁ።
3. የመውጫ ፈተና ውጤት። ከ2015 ጀምሮ ለተመረቀ ሰው የሚጠይቁ አሉ።
4. የሥራ ልምድ ደብዳቤ። መደቡ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ግብር መከፈሉ ይጻፍበት።
5. ሦስት የታተመ ሲቪ። ፈታኞቹ አንድ ኮፒ ይዘው ሲሻሙ ማየት የተለመደ ነው።

ሁለት ነገር ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። አንደኛው ስም ነው። ዲግሪው ላይ ያለው አጻጻፍና መታወቂያው ላይ ያለው በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ አስቀድማችሁ ማስተካከል ጀምሩ። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። በ2015 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ እንግሊዝኛ ሲቪው ላይ "2015" ብሎ ሲጽፍ ፈታኙ በፈረንጅ ያነበውና "ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?" ይለዋል። እንግሊዝኛው ላይ 2023 ብላችሁ ጻፉ።

የቀድሞ አሠሪ የልምድ ደብዳቤ አልሰጥም ካለ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትን ኮፒ ያዙ። ለኢንተርቪው ካልደረሰ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ወይም የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና "ደብዳቤው በሂደት ላይ ነው" በሉ።

ደረጃ 6፦ የቀኑ ጠዋት

ቦታውን አንድ ቀን ቀድማችሁ እዩት። የታክሲ መያዣ በየጊዜው እየተቀየረ ነው፤ ባለፈው ዓመት ሜክሲኮ የያዛችሁበት ቦታ ላይ ዛሬ ታክሲ ላይቆም ይችላል። በሩ ላይ ከግማሽ ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ቢሮው ግን ከአሥር ደቂቃ በፊት ግቡ።

ሱፍ ግዴታ አይደለም። ትከሻው የወረደ የውሰት ሱፍ ከለበሰ ሰው ይልቅ ልኩን፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰው የተሻለ ይታያል። ክረምት ከሆነ መጥረጊያ ጨርቅ ያዙ ወይም ሕንፃው አጠገብ ሊስትሮ ጋ ቁጭ በሉ። ስልኩን ንዝረት ላይ ሳይሆን ጨርሶ አጥፉት። ንዝረቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያጓራ ከጥሪው ይብሳል።

በኢንተርኔት ከሆነ ስልኩንና ላፕቶፑን ሌሊቱን ቻርጅ አድርጉ፣ የሞባይል ዳታ በሁለተኛ ሲም ያዙ፣ የኤችአሩን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። መብራት ከሄደ ወዲያው ደውሉ፤ ዝም ብላችሁ መብራቱን አትጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ክፍሉ ውስጥ

አንኳኩ፣ ግቡ፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ ሰላምታ ስጡ። እጅ ካልዘረጉላችሁ ዞራችሁ አትጨብጡ። "ተቀመጡ" እስኪሏችሁ ቁሙ። ፈታኙ ከእናንተ በዕድሜ ቢያንስ እንኳ "እርስዎ" በሉ። "ጋሼ" እና "እትዬ" ግን ይቅር፤ አቶ ወይም ወይዘሮ ብላችሁ ስሙን ጥሩ። ዓይንን መስበር ቤት ውስጥ አክብሮት ነው፤ እዚህ ግን መደበቅ ይመስላል። ለጠየቀው ሰው እያያችሁ ጀምሩ፣ መሐል ላይ ሌሎቹንም እዩ። ድምፅ ከፍ ይበል።

የተለመዱት ወጥመዶች፦

"ድክመትህ ምንድን ነው?" ፍጹምነት መውደድ ድክመቴ ነው አትበሉ፤ ያን ቀን ስድስተኛ ሆናችሁ ነው የምትሉት። እውነተኛ ግን ሥራውን የማይገድል ነገር ንገሩና ምን እያደረጋችሁበት እንደሆነ ጨምሩ። "ስብሰባ ላይ ቶሎ አልናገርም ነበር፤ አሁን ነጥቤን ጽፌ እገባለሁ።"

"ለምን ለቀቅክ?" የቀድሞ አለቃን አታማርሩ። ሰምተው ይስቁላችኋል፣ ከዚያ "ነገ ስለኛም" ይላሉ።

"አግብተሻል? ልትወልጂ አስበሻል?" መጠየቅ የሌለበት ጥያቄ ነው፤ ግን ይጠየቃል። ተቆጥቶ ከመውጣት "የሥራ ሰዓቴን የሚያደናቅፍ ነገር የለም" ብሎ ወደ ሥራው መመለስ ይቻላል። ብሔር ወይም ሃይማኖት ከጠየቋችሁም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ እዚያ መሥራት ትፈልጉ እንደሆነ ቤታችሁ ገብታችሁ አስቡበት።

"ስንት ትፈልጋለህ?" እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። "በድርጅቱ ስኬል" ያለ ሰው የስኬሉን ታች ያገኛል። ቁጥር ያዙ፣ ግን የተጣራ ነው ያልተጣራ ብላችሁ ለዩ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የግብር ስሌት ያልተጣራ 15,000 ብር ደመወዝ ላይ 3,200 ብር ግብር አለ። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,050 ብር። እጃችሁ የሚገባው 10,750 ነው። "15,000 እጄ ይግባ" ማለት ፈልጋችሁ "15,000" ብቻ ካላችሁ በየወሩ ከ4,000 ብር በላይ ተሳስታችኋል። ሦስት ሰው ጠይቁ፣ የገበያውን ዋጋ እወቁ፣ "ያልተጣራ ከዚህ እስከዚህ፣ እንደ ጥቅማ ጥቅሙ" በሉ።

"መቼ ትጀምራለህ?" ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች "ነገ" አትበሉ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። "ነገ" ያለ ሰው እነሱንም ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሏቸው እንደሚሄድ ያስባሉ።

በመጨረሻ "ጥያቄ አለህ?" ሲሏችሁ አንድ ይኑራችሁ። "በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከዚህ ሠራተኛ ምን ትጠብቃላችሁ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። የዓመት ፈቃድ ጥያቄ ግን ከቅጥር ደብዳቤው በኋላ ይደርሳል።

ነገር ሲበላሽ

አረፈዳችሁ፦ መንገድ ላይ ሆናችሁ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ ደውሉ። ስትደርሱ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቃችሁ ተዉት። የትራፊኩን ታሪክ ማንም አይፈልገውም።

ጥያቄው አልገባችሁም፦ ያልገባችሁን አትመልሱ። "ጥያቄውን በትክክል ተረድቼው ከሆነ…" ብላችሁ መልሳችሁ ንገሯቸው፤ ያርሟችኋል።

ጭው አለባችሁ፦ ውኃ ካለ ተጎንጩ። "ትንሽ ላስብ" በሉ። አሥር ሰከንድ ለእናንተ ዘላለም ነው፤ ለፈታኙ ግን ማስታወሻ መጻፊያ ጊዜው ነው።

የሙያውን ጥያቄ አታውቁትም፦ "ይሄን አልሠራሁበትም። ቢመጣብኝ ግን መጀመሪያ ይሄን አያለሁ፣ ከዚያ ይሄን እጠይቃለሁ" በሉ። መገመት ከጀመራችሁ እስከ ታች ይከተሏችኋል።

ፈታኙ ስልኩን እየነካካ ነው፦ ደክሞት ይሆናል። አሥራ አምስተኛው ሰው ናችሁ። መልሱን አሳጥሩና ቁጥር ያለበትን ነገር ቶሎ አምጡ።

የምታውቁት ሰው ፈታኞቹ መሐል አለ፦ እንደ ሌሎቹ ሰላም በሉት። አንተ አትበሉት፣ አትጥቀሱት። እሱም ይሄንኑ ይፈልጋል።

ደረጃ 8፦ ከወጣችሁ በኋላ

ከሕንፃው ሳትርቁ አንድ ጥግ ተቀመጡና የተጠየቃችሁትን ሁሉ ጻፉ። ማታ ይጠፋችኋል። የሚቀጥለው ፈተና ግማሹ ከዚያ ዝርዝር ይወጣል።

ውጤት መቼ እንደሚነገር ጠይቃችሁ ከወጣችሁ፣ ያ ቀን ካለፈ ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ። ካልተሳካ "ለወደፊቱ ምን ባሻሽል ይሻላል?" ብላችሁ ጠይቁ። አሥር ሰው ብትጠይቁ ሰባቱ ያልፉታል፣ ሦስቱ ይነግሯችኋል፤ ያ ብዙ ነው።

ከተሳካ ደግሞ "አልፈሃል" በሚል ስልክ ብቻ የድሮውን ሥራ አትልቀቁ። ፊርማና ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ እጃችሁ አስገቡ። አንብቡት፦ ደመወዙ ያልተጣራ ስንት ነው? የምትመደቡበት ቦታ አዲስ አበባ ነው ወይስ ሌላ? የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም፤ "ስድስት ወር ሙከራ" የሚል ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ገንዘብ ያዥ ከሆናችሁ ዋስ ይጠየቃል፤ ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት አነጋግሩት፣ የደመወዝ ማረጋገጫ ከመሥሪያ ቤቱ ለማውጣት እሱም ጊዜ ይፈልጋል።